የእህቴ ልጅ የጡት ራጅ ኃላፊ ሆኜ ስለመሾሜ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር፣ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሐርጌሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ ደህና ከሆኑ፣ ቤተሰብዎም፣ ግመሎችዎም፣ በሆስፒታሉ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆመው ነጩ መኪናዎም ደህና ከሆኑ፣ እኛ ምን ጎደለን። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልዎ። ምናልባት አንድ ቀን ሳይጠብቅልዎ ቀርቶ እርስዎም በራስዎ መሣሪያ ሥር ለመቆም ቢበቁ፣ ውጤቱ ለእርስዎ ሳይሆን ለአጎትዎ እንዲነገርልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሮብሌ ቡራሌ እባላለሁ። በላይኛው ገበያ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። የከተማው ሰው የሚያውቀኝ ግን "ጆሮ" በሚለው ቅጽል ስሜ ነው፤ ለምን እንደሆነ በበርዎ ሳልፍ አይተውኝ ከሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርሁት ከስፌት መኪና መመሪያ ነውና በደብዳቤዬ ውስጥ ዘይት የጎደለው ቃል ቢያጋጥምዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቅሬታዬን በጋዜጣ ላይ ማውጣቴም ከብልግና አይቆጠርብኝ። መጀመሪያ በአስተያየት መስጫ ሳጥንዎ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ሳጥኑ ታች ስለሌለው ወረቀቴ ተመልሶ እግሬ ላይ ወደቀ።

ነገሩ የእህቴን ልጅ የሂባቅን ይመለከታል። ሂባቅ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር ዳስሳ አገኘችና፣ ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ሦስት ወር በማር ስታሸው ሳትከርም፣ በሳምንቱ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣች። ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ውለታዎን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሹመቴ። ለራጁ ልትመዘገብ መስኮቱ ዘንድ ስትደርስ፣ ከመስታወቱ ኋላ የሚቀመጡት የተከበሩ ሰውዬ ቀና ሳይሉ "ኃላፊሽ ማነው?" አሏት።

"ለምኑ?" አለች።

"ለአንቺ ነዋ።"

"እኔ በቀን ለሃምሳ ሁለት ተማሪ ኃላፊ ነኝ፤ ለራሴማ እንዴት አንሳለሁ?"

"እሱን ተይው፣ እህቴ። የወንድ ስልክ ካልገባበት ኮምፒውተሩ አያሳልፍም።"

እኔ ከኋላዋ ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ ነበር። ሰውዬው ፂሜን አዩና ስልኬን ጻፉ። የአባቷ ዘመድ ልሁን የእናቷ፣ ጎረቤት ልሁን መንገደኛ አልጠየቁኝም፤ ኮምፒውተርዎ ፂም ያለው ነገር ሁሉ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ፍየል ይዛ መጥታ ቢሆን ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ባላየሁ ነበር። እንደሚያውቁት የእናት ወንድምና የእህት ልጅ እርስ በርሳችን "አብቲ" እንባባላለን፤ እሷም አብቲ ትለኛለች፣ እኔም አብቲ እላታለሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ የምንጋራው መጠሪያውን እንጂ ጡቱን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥታችን። ራጁን የሚያነቡት ሐኪም ባሕር ማዶ እንዳሉና ፎቶው በኮምፒውተር ተልኮላቸው በሦስት ቀን እንደሚመለስ ተነገረን። አስራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በግመል ተልኮ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ግመሉን መንገድ ላይ ያየ ሰው አይጠፋም ነበር።

እርስዎ የመጠበቂያውን አግዳሚ ወንበር ከመኪናዎ መስኮት ካልሆነ በቀር አይተውት ስለማያውቁ፣ በዚያ ወንበር ላይ ምን እንደሚባል ልንገርዎ። ሴቶቹ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ደግሞም አልተሳሳቱም። ውጤቱ ደህና ከሆነ ሴቲቱ በስሟ ተጠርታ በመስኮት ወረቀቷን ትቀበላለች። ክፉ ከሆነ ወንዱ ይደወልለታል። በጣም ክፉ ከሆነ ደግሞ ወንዱ ሌላ ወንድ ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲደግፈው መሰለኝ። ሴቲቱ ስትወድቅ የሚደግፋት ማን እንደሆነ መመሪያዎ አይናገርም። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች በሽታቸውን ረስተው የባሎቻቸውን ኪስ ሲጠብቁ ይውላሉ። ኪሱ በጮኸ ቁጥር አግዳሚው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። አንዷ የባሏን ስልክ ሰርቃ ገብስ ውስጥ ቀበረችው። የሌላዋ ባል ደግሞ ራሱ ፈርቶ ስልኬ ጠፋ እያለ አስር ቀን ማጽናኛ ሲቀበል ሰነበተ።

ሂባቅ እንዴት እንዳሳለፈችው ቢጠይቁኝ፣ የቤቷን መጋረጃ ሁሉ አወረደችና አጠበች፤ ሲደርቅ እንደገና አወረደችና አጠበች። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች አንዲት ነጥብ ለጎደለችበት ልጅ ዜሮ ሰጠች፤ ማታ አዘነችና ለሁሉም መቶ መቶ ሰጠች። ወደ ሥራዬ ቦታ እየመጣች "አብቲ፣ ቀልድ ንገረኝ፤ አሮጌም ይሁን" ትለኝ ነበር። እነግራታለሁ። ትስቃለች፤ ሳቋ ሳያልቅ እጇ ወደ ግራ በኩል ይሄዳል፤ እያየኋት መሆኔን ስታውቅ ሻሿን የምታስተካክል ትመስላለች። እኔ በበኩሌ ምንም ያልሆኑ ሦስት የስፌት መኪናዎች ፈታታሁ። ሁለቱን መልሼ ገጠምኋቸው። ከሦስተኛው አንድ ብሎን ተርፎኛል፤ እስካሁን ከየት እንደሆነ አላወቅሁም፤ የመኪናዋን ባለቤት ወደ እርስዎ ልልካት አስቤአለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልክ ጥሪዎ። በአስራ ዘጠነኛው ቀን ከቀትር በፊት ሂባቅ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ሰላምታ አልሰጡም።

"የሂባቅ ኃላፊ ነህ?"

"ነኝ።"

"ነገ ጠዋት ና። ሌላ ወንድ ይዘህ ና።"

"ምን ተገኘ?"

"በስልክ አይነገርም።"

"እሷንስ ይዣት ልምጣ?"

"ኧረ! እሷን እንዳታመጣት!"

ስልኩን ዘግቼ "አንድ ደንበኛ ነው፤ መኪናው ክር እየበጠሰ አስቸግሮት ነው" አልኋት። ሂባቅ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "አብቲ፣ ስለ ደንበኛ ስታወራ ሁልጊዜ ትሰድበዋለህ። ይሄን ለምን አልሰደብኸውም?" አለችኝ። ዕድሜ ልኬን በሰው ሳሾፍ ኖሬ፣ በምፈልጋት ሰዓት አንዲት ቀልድ አላገኘሁም።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ስጽፍ ያቅለሸልሸኛል፤ ቢሆንም ከቀጠሮ በፊት የደረሰ ለቅሶ ስላደረጉልን ምስጋና ሳላቀርብ ማለፍ ነውር ነው። "ሌላ ወንድ ይዘህ ና" የሚለውን ቃል፣ ሂባቅ ከሄደች በኋላ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ሳፈላልግ ጎረቤቴ ባለሱቅ ሰምቶ ኖሯል፤ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ ለማን እንደነገረች አልቆጠርሁም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ የሂባቅ ቤት በሴት ተሞላ። አክስቷ ሐሊሞ የስኳር ከረጢትና አንድ ካርቶን ፓስታ ይዛ ገባች፤ ይህ በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ቤት የሚገባበት ዕቃ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርም። ሐሊሞ ከመቀመጧ "ልጆቹን እንግዲህ ማን ይወስዳል? ትልቁ ለኔ ይሁን፤ ትንሹ ይበላል፣ አልችለውም" አለች። ባለቤቲቱ እዚያው በሩ ላይ ቆማለች!

ሂባቅም ምን አደረገች መሰለዎት፣ ክቡርነትዎ? ሰው ቤቷ መጥቶ ደረቅ ጉሮሮውን አይመለስም ብላ ወደ ማድ ቤት ገባችና ትልቁን ድስት ጣደች። ለራሷ ለቅሶ ሻይ አፈላች። ሄል ጨምራ፣ ወተት ጨምራ፣ ብርጭቆውን በሰሐን እያዞረች ለአልቃሾቿ አንድ በአንድ አደለች። ሐሊሞ ዘንድ ስትደርስ፣ የአባትን እህት በምንጠራበት ቃል "ኤዶ፣ ስኳር ይብቃሽ ወይስ ካመጣሽው ልጨምር?" አለቻት። ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ወንድ። በማግስቱ ይዤው የሄድሁት ሐጂ አዋሌን ነበር፤ ሰማንያ አልፎታል፣ ጆሮውም ከሄደ ቆይቷል፤ ሌላ ሰው ያልወሰድሁት ወሬው በአንድ ጆሮ እንዲቀር ብዬ ነው። ሰውዬዎ በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውንም ሳቡ፣ ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ "ሁላችንም የአላህ ነን" አሉ። ሐጂ አዋሌ የሰውዬውን ፊት ብቻ አይቶ ጮክ ብሎ ፋቲሃ ይቀራ ጀመር። እኔ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት።

"አንተ! እሱ የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ አይገባህም!" አሉኝ።

ገባኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አራት መሥመር ነበር፤ ከስፌት መኪና መመሪያ አይከብድም። እንዲህ ይላል፦ በሁለቱም ብብት ሥር ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ቆዳ ላይ የተቀባ ዱቄት ሳይሆን አይቀርም፤ ታጥባ እንደገና ትነሣ፤ እስከዚያ ስለ ጡቱ ምንም ማለት አይቻልም።

ታጥባ! ክቡርነትዎ፣ ቤት ሙሉ ሰው ያስለቀሰ፣ ሁለት ልጆች በአክስት ያከፋፈለ፣ ሐጂ አዋሌን ያስቀራ ነገር ሳሙና ነበር።

ዱቄቱ ምን እንደሆነ በከተማችን ያለች ሴት ሁሉ ትነግርዎታለች፤ ሸብ ነው። ያንን ነጩን ድንጋይ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ላብ እንዳይሸት ብብታቸው ላይ የማይነሰንሱ ሴቶች በሐርጌሳ ካሉ እርስዎ ያሳዩኝ። በራጁ ክፍል በር ላይ የለጠፉትን ማስጠንቀቂያ አይቼዋለሁ፤ በጣም ያማረ ሥዕል ነው፤ የሚረጭ ሽቶ ቆርቆሮ ተሥሎ በላዩ ላይ ቀይ መሥመር ተሰምሮበታል። ሂባቅም አይታው ነበር። "እኔ የቆርቆሮ ነገር አልነካም፤ ሸብ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ንጹሕ ነው ብዬ አለፍሁ" አለችኝ። ለሐኪም ቤት ስትሄድ እንዳትሸት ብላ ያን ዕለት እጥፍ ነስንሳ ነበር። ሥዕሉን የሣለው ሰው የትኛው አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ እዚህ የሚኖር አንድ ሰው ግን "ሸብ አድርገሻል ወይ?" የሚሉ ሦስት ቃላት ቢያወጣ ምላሱ ባልተቀደደ።

ለመሆኑ ለዚህ ሌላ ወንድ ምን ያደርጋል ብዬ ሰውዬውን ጠየቅኋቸው። "ደህና ነው የማይል ወረቀት ሁሉ ለወንድ ነው፤ የማላውቀው ዓይነት ሲሆን ደግሞ ለሁለት ወንድ። መመሪያ ነው። እኔ አላነብም፣ እደውላለሁ" አሉኝ። ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ይሹሙልኝ።

አምስተኛ። ይሄኛው ይከብደኛል።

ወረቀቱን ወስጄ ለሂባቅ ሰጠኋት፤ ያኔውኑ ታጥባ መጥታ እንደገና ተነሣች። ስትወጣ ወደ መስኮቱ ሄጄ ስልኬ ተሰርዞ የራሷ ስልክ እንዲጻፍ ለመንሁ። ሰውዬው ወደ እርስዎ ምክትል መሩኝ፤ ምክትልዎም በትሕትና "አቶ ሮብሌ፣ ይሄ እኮ ባህላችን ነው። የሴት ልብ አይችልም። እናዝንላቸዋለን" አሉኝ።

ስለ ባህል የማውቀውን ልንገርዎ። አባቴ የግመል ሰው ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ሴት ግመሎች በድርቅ ማለቃቸውን እንዲነግራት ተልኮ ሦስት ቀን በእግሩ ሄደ። በመጀመሪያው መንደር ባሏን አገኘው፤ ውኃ ተቀበለው፣ አብሮት አደረ፣ ወሬውን ግን አልነገረውም። ባልየው ተቆጥቶ "እኔ ባሏ አይደለሁም እንዴ?" ሲለው "ግመሎቹ የሷ ናቸው" ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ባህላችን ይህ ነበር። የእናንተ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምናልባት ከቆርቆሮው ሥዕል ጋር አብሮ የተላከ ይሆናል።

ስለ ማዘንም የማውቀው አለኝ። የሂባቅ እናት፣ እህቴ ሙሚና፣ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ሞተች። ሆስፒታሉ የእርስዎ አልነበረም፤ አሠራሩ ግን መንታ ወንድሙ ነው። ለባሏ ተደወለለት፤ ሌላ ወንድ ይዘህ ና ተባለ። ሁለተኛው ወንድ እኔ ነበርሁ። አዘንንላትና አልነገርናትም። አራት ወር ሙሉ ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ ጨጓራ ነው እያልን በቀልድ አለፍናት፤ ቀልዱን የማቀርበው እኔ ነበርሁ፤ ጎበዝ ነበርሁበት። ለሚመጣው ዒድ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ እንድሰፋላት ሰጠችኝ፤ ለዒድ እንደማትደርስ እያወቅሁ ወገቧን ለካሁ። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት "ታውቁ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ። ጆሮዬ ትልቅ ስለሆነ አልሰማሁም ማለት አልቻልሁም።

ጨርቁ አሁንም ሱቄ አለ። ሂባቅ ታውቀዋለች። ያን ቀን ከምክትልዎ ቢሮ ስንወጣ "አብቲ፣ እንደ እናቴ እንዳታደርገኝ። ልሞትም እንደሆነ እኔ ልወቀው" ብላኛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የማቅለሽለሼ ሁሉ በእርስዎ ላይ ብቻ እንዳይመስልዎ። ግማሹ የኔ ነው። ግማሹን ግን እባክዎ ይቀበሉኝ።

ሁለተኛው ራጅ ከተነሣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። መጋረጃዎቹ ታጥበው ሳሱ፤ ፀሐይ ታሳልፋለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ "ኃላፊሽ ማነው?" የሚለው ይውጣና "ውጤትሽን ለማን እንንገርልሽ?" የሚል ይግባ። ለባሌ የምትል ለባሏ ይነገርላት፤ መስማት አልፈልግም የምትልም መብቷ ነው። ለኔ የምትል ግን ለሷ ይነገራት። ለሥዕሉ ደግሞ ቀለም ከኔ፤ ሸቡን ራሴ እሥልልዎታለሁ፤ ድንጋይ መሣል አይከብድም፤ ምክትልዎን አይቼ እሞክረዋለሁ።

በመጨረሻም፣ ለእኔ ለማይገባኝ ሰው የማይገባኝን ሥልጣን ስለሰጡኝ፣ ሳንሞት ስላስለቀሱን፣ የሳሙናንም ክብር ስላሳወቁን እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ መኪናዎም ነዳጅ እንዳይጎድልበት እየጸለይሁ፣ በፂሜ ብቻ ተመዝኜ የተሾምሁ ታማኝ ኃላፊዎ፣

ሮብሌ ቡራሌ (ጆሮ)
ላይኛው ገበያ

ግልባጭ፦
ለመስኮቱ ሰውዬ፤ ስለማያነቡ ይደወልላቸው።
ለወይዘሮ ሐሊሞ፤ ከስኳሩ ከረጢት ጋር።
ለሐጂ አዋሌ፤ ጮክ ተብሎ ይነበብለት።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ሦስት ቀን አቆየሁት፤ በዚህ መካከል የሆነውን ባልጨምር ውለታ በላ እሆናለሁ። የኃላፊዋ ስልክ ቁጥር ይቀየር ብዬ ብለምን መመሪያው አይፈቅድም ስላሉኝ፣ መመሪያዎን በማክበር ቁጥሩን ሳልነካ ሲም ካርዱን አውጥቼ ለሂባቅ ሰጠኋት። ትናንት ሒሳብ እያስተማረች ሳለ ሰውዬዎ ደወሉ።

"የሂባቅን ኃላፊ ፈልጌ ነበር።"

"እኔ ነኝ።"

"ወንዱን ነው የምልሽ።"

"በዚህ ቁጥር ያለነው እኔና ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ነን። ይንገሩኝ ወይስ ልጆቹ ይውጡ?"

ዘጉባት። መልሰው ደወሉ፤ ያው ድምፅ። በአራተኛው ላይ ላብ አጥምቋቸው ነገሯት። እሷም ቾኩን አስቀምጣ ከትምህርት ቤቱ ቀጥታ ወደኔ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች፣ ፊቷን እንደ እርስዎ ሰውዬ አጠቆረችና "አብቲ፣ ሌላ ወንድ ይዘህ ተቀመጥ" አለችኝ። አጠገቤ የነበረውን የስፌት መኪና ይዤ ቀረሁ። እሷ ግን ሳቀች፤ በዚህ ወር ውስጥ እጇ ወደ ግራ ሳይሄድ የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ነው። ከዚያ ነገረችኝ።

የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም። ወሬው የሷ ነው፤ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመስኮትዎ በኩል ያመልክት፣ ሌላ ወንድም ይዞ ይምጣ። እኔ መናገር የምችለው የራሴን ብቻ ነው፤ ስትሄድ "አብቲ፣ ዳግመኛ ራጅ ቢያነሡኝ እንዳልነሰንሰው ብዬ አንተ ዘንድ ያስቀመጥሁትን ሸቤን መልስልኝ" አለችኝ። መለስሁላት። ከመደርደሪያው ላይም ሰማያዊውን ጨርቅ ጨምራ ወሰደችና ለዒድ እንድሰፋላት ወገቧን አስለካችኝ።